በቀን ስንት ቃል ትጽፋላችሁ? እኔ ምዕራፍ አንድን ለ11ኛ ጊዜ ልጀምር ነው

ቆጣሪዋ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልብወለድ ለምትጽፉ ሰዎች ጥያቄ አለኝ።

ባንክ ነው የምሠራው፤ መስኮት ላይ። ቀኑን ሙሉ ብር ስቆጥር እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ ቃል እቆጥራለሁ። ቤት የምገባው 1 ሰዓት አካባቢ ነው። እራት ቀርቦ፣ ልጄ ተኝቶ፣ የነገ ልብስ ተተኩሶ ሲያልቅ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ያለችው ጊዜ የኔ ናት። እሷም መብራት ካለ።

የጀመርኩት መስከረም ላይ ነው። ታሪኩ ሞጆ ውስጥ ሻይ ቤት ስላላት ሴት ነው፤ ስሟ ፀሐይ። ከነመጨረሻው ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። ለጓደኛዬ ከዳር እስከ ዳር ተርኬላት አልቅሳለች። የተጻፈው ግን ምዕራፍ አንድ ብቻ ነው። አሥር ጊዜ የተጻፈ ምዕራፍ አንድ።

የማደርገው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩን ስከፍት "እስኪ ትናንት የጻፍኩትን ላንብብ" እላለሁ። ገና ሁለት አንቀጽ ሳልሄድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይደብረኛል። አስተካክለዋለሁ። እሱ ሲያምር ቀጥሎ ያለው ያስጠላል። አንድ ማታ ፀሐይ ጀበናዋን ከእሳት የምታወርድበትን አንቀጽ ብቻ ስነካካ 5 ሰዓት ሆነ። ጀበናው መጀመሪያ ፈላ፤ ከዚያ ገነፈለ፤ ከዚያ ተንተከተከ፤ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ፈላ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ተኛሁ።

በዚህ ላይ የፈረንጆቹን ምክር አነበብኩና ባሰብኝ። አሜሪካዊው ደራሲ ስቲቨን ኪንግ በቀን 2000 ቃል፤ የመጀመሪያው ረቂቅ ከ3 ወር ማለፍ የለበትም ይላል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር ደግሞ በአንድ ወር 50,000 ቃል የሚጻፍበት ነገር ነበራቸው፤ ሲካፈል በቀን 1667 ይመጣል። ሞከርኩት። ጎበዝ ነኝ ባልኩበት ቀን 340 ቃል ጻፍኩ። አማካዩን አልነግራችሁም።

እናንተ በቀን ስንት ትጽፋላችሁ? ማረም የምትጀምሩትስ መቼ ነው፣ እየጻፋችሁ ወይስ ጨርሳችሁ? እባካችሁ "ከልብሽ ጻፊ" የሚል መልስ አትስጡኝ። ከልቤ ነው የምጽፈው። የቸገረኝ ምዕራፍ ሁለት ነው።

ባለ ሉኩ (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ "ተመልሶ ፈላ" ያልሽው ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ምን ነካህ አለችኝ።

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ሁለት መጽሐፍ አሳትሜያለሁ፤ ሦስተኛው ትራስ ሥር ነው።

በመጀመሪያ በዚያ 2000 አትደንግጪ። ሰውዬው የሚቆጥረው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። "ስላልመጣችልን" በእኛ አንድ ቃል ናት። በእንግሊዝኛ ጻፊያትና ቁጠሪ፤ ስድስት ሰባት ትሆናለች። አንዷን አጭር ልብወለዴን የቀድሞ ተማሪዬ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሳት የቃሉ ብዛት ከግማሽ በላይ ጨመረ። ልጁ ከራሱ ምንም አልጨመረባትም። በዚህ ሒሳብ ያንቺ 340 በእነሱ ቆጠራ ወደ 500 ይጠጋል። 500 ደግሞ የእንግሊዛዊው ደራሲ የግርሃም ግሪን የቀን ልክ ነበር። በዚያች እየተለካ ከ20 በላይ ልብወለድ ጽፏል።

እኔ ራሴ ቃል ቆጥሬ አላውቅም። የምቆጥረው ሉክ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር እገዛለሁ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቁርስ ሳልቀምስ፣ 3 ገጽ በእስክሪብቶ። የምጽፈው በቀኙ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ግራው ባዶ ይቀመጣል። ገጹ አንዴ ከተገለበጠ አይመለስም። የሚያሳክክ ነገር ትዝ ካለኝ በዚያ ቀን በደረስኩበት ግራ ገጽ ላይ "የጀበናው ነገር!" ብዬ ጽፌ አልፋለሁ። ያ ቃል እዚያ መኖሩ ብቻ ያሳርፈኛል። ኮምፒውተር የሚጎዳሽ ለዚህ ነው፤ ሁሌም ንጹሕ ስለሚመስል እጅሽ አያርፍም።

ስለ ፍጥነት ካነሳን የእንግሊዙን አንቶኒ ትሮሎፕን ልንገርሽ፤ እሱም እንዳንቺ ደመወዝተኛ ነው፣ ፖስታ ቤት። በኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል። የያዘው ልብወለድ ከሰዓቱ በፊት ካለቀ አዲስ ወረቀት ስቦ ሌላውን ይጀምራል። ታዲያ ይህ ሰው ቡና ይዞ የሚቀሰቅሰው አሽከር ነበረው፤ ለዚሁ ብሎ በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለታል። አንቺን ማን ይቀሰቅስሽ? ከእኛም እጁ ፈጣን የነበረው በዓሉ ግርማ ነው። የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1974 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚያው ዘመቻ የጻፈው ኦሮማይ በ1975 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። እሱ ግን ጋዜጠኛ ነው። የዕለት ጽሑፍ ያሯሯጠው እጅ ነው።

እርማቱን ልንገርሽና ላብቃ። የመጀመሪያ መጽሐፌን ደብተሮቹን ተሸክሜ ለታይፒስት ሰጠሁ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ በሦስት ሳምንት ጨረሰች። ስረከብ አንድ የማላውቃት ሴት ታወራለች። ለካ ታሪኩ ውስጥ ያሉት የጎጃሟ አሮጊት "ዲያ!" ባሉ ቁጥር ታይፒስቷ "እንግዲህ" እያለች አርማልኛለች። "ምን ላርግህ ዲያ" ያሉት ሴትዮ "እንግዲህ ምን ላድርግልህ" ሲሉ አሰቢው። ዜና አንባቢ ሆነው ቁጭ! ክፋት አልነበረባትም። ስህተት መስሏት ነው።

ከዚያ ወዲህ ራሴ ነኝ የምተይበው፤ በሁለት ጣት። 6 ደብተር ለመተየብ 5 ወር ፈጀብኝ። ግን አንድ ነገር አየሁ። ጣቴ ሰነፍ ነው። የማይረባ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ መተየብ አይፈልግም፤ ይዘለዋል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደ ጣቴ ያለ አራሚ አላገኘሁም።

ደለስ ወረፋ (ቨርጂኒያ)

ጋሼ የጻፉት ደስ ሲል! እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነኝ። ሹፌር ነኝ፤ ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ነው የምጽፈው። መጻፍ ከተባለ። በአፌ ነው። የስልኬ ኪቦርድ የአማርኛ ድምፅ ይቀበላል፤ ማይኳን ተጭኜ አወራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። በ40 ደቂቃ 900 ቃል የሄድኩበት ቀን አለ። አጠገቤ የሚቆመው ልጅ መጀመሪያ ላይ ከሚስቴ ጋር የምጨቃጨቅ መስሎት "ወንድሜ ተረጋጋ" ብሎኛል። ገጸ ባሕሪዬ ናት የተቆጣችው።

ግን እህቴ፣ በ900ው እንዳትቀኚ። ስልኩ አራት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም። "ቄሱ ገቡ" ያልኩትን "ቀስ ብሎ ግቡ" ብሎታል። ሰው ሲያወራ ደግሞ ይደጋግማል። አንድ ምዕራፍ ውስጥ "ማለት ነው" የሚለውን ፈልጌ ብቆጥር 61 ጊዜ! ስለዚህ የአንድ ሰዓት ወሬዬ የሦስት ሰዓት እርማት አለበት። የማርመው እሁድ ብቻ ነው። በሳምንቱ መሐል ፋይሉን አልከፍትም፤ ብከፍተው ደግሜ አላወራም።

ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪም በአፉ ጽፏል እኮ። እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። አሳታሚው በውል አስሮታል፤ በቀኑ አዲስ ልብወለድ ካላስረከበ ሥራዎቹን ለ9 ዓመት ያለ ክፍያ ሊያትምበት። አና የምትባል፣ ሰው ሲናገር በአጭር ምልክት ፈጥና የምትጽፍ የ20 ዓመት ልጅ ቀጥሮ አንድ ሙሉ ልብወለድ በ26 ቀን ነገራት። ሌሊት ማስታወሻ ይይዛል፣ ቀን እየተመላለሰ ይናገራል፣ እሷ ማታ ቤቷ ገልብጣ ንጹሑን ታመጣለታለች። በወራት ውስጥ ተጋቡ። የኔ ስልክ ንጹሑን አያመጣም፣ ለመጋባትም አያስቸኩልም።

ቆጣሪዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ስለ ሒሳቡ በተለይ። ብር ቆጣሪ ሆኜ የማን ምንዛሪ እንደሆነ አለመጠየቄ!

ደብተሩን ልሞክረው ነው። ግን አንድ ፍርሃት አለኝ። ሳላርም ከሄድኩ ስህተቱ ተጠራቅሞ መጨረሻ ላይ አይበላኝም? የእርስዎ እጅ የዓመታት ነው፤ የኔ ገና ነው።

ቀይ እስክሪብቶ (አዲስ አበባ)

የሰው ረቂቅ በማረም ነው የምተዳደረው። ጋሼን ባከብርም "ገጹ አይመለስም" የሚለው ላይ አልስማማም። አሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ በየቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የቆመበት ድረስ ያርም ነበር፤ ራሱ የተናገረው ነው። የጻፈውንም በካርቶን ላይ ይመዘግባል፣ ራሱን እንዳያታልል። ቁጥሮቹ 450፣ 575፣ 462፣ 1250፣ ከዚያ ተመልሶ 512። አየሽ፣ ያንቺ ሰፈር ናቸው። የአንድ ልብወለዱን የመጨረሻ ገጽ 39 ጊዜ ጽፌዋለሁ ብሏል። ልብ በይ፤ የመጨረሻ ገጽ ነው። እዚያ ደርሷል ማለት ነው።

ያንቺ ችግር ማረምሽ አይመስለኝም። ፋይሉ ሁሌ ከላይ ነው የሚከፈተው። ስትከፍቺው የምታገኚው ያንኑ ጀበና ነው። እንዲህ አድርጊ። ለእያንዳንዱ ማታ አዲስ ፋይል ክፈቺ። ከትናንቱ የመጨረሻዋን አንድ አንቀጽ ብቻ ገልብጠሽ አናቱ ላይ ለጥፊ። ያቺን እንደፈለግሽ ነካኪ፤ እጅሽ ይሟሟቅበታል። ከዚያ በላይ ያለው በዚያ ማታ አይታይሽም። ስትጨርሺ ሁሉን ደርድረሽ ታገናኛለሽ። ከዚያ መሳቢያ። ኪንግ ቢያንስ 6 ሳምንት ይላል፤ እኔ ደንበኞቼን ሁለት ወር ነው የምላቸው፤ ማንም አይሰማኝም። በሦስተኛው ቀን ይዘውት ይመጣሉ።

የሚጠራቀመው ስህተት ያልሽው ግን አለ። የዓረፍተ ነገር ውበት አይደለም፤ እሱ ቀላል ነው። የሚበላው ሌላ ነው። ባለፈው የመጣልኝ ረቂቅ ውስጥ ገጽ 30 ላይ የሞተ አጎት ገጽ 140 ላይ ለሠርግ ሙክት ይዞ መጣ። ፊደል ደግሞ አለ። ያንቺዋ ባለ ሻይ ቤት ፀሐይ ናት አይደል? አሁኑኑ አንድ አጻጻፍ ምረጪና ግድግዳ ላይ ለጥፊ። አንዴ በፀሐዩ "ፀ"፣ አንዴ በጸሎቱ "ጸ"፣ አንዴ በሐመሩ "ሐ"፣ አንዴ በሃሌታው "ሀ" ከጻፍሻት አራት ሴት ትሆናለች። ኮምፒውተሩ ላይ "ፈልግ" ብትይ አንዷን ብቻ ነው የሚያመጣልሽ። በዚህ የተነሳ የአንድ ደንበኛዬን ገጸ ባሕሪ ስም ስንቀይር ግማሹ መጽሐፍ ውስጥ የድሮ ስሟን ይዛ ቀረች። ያወቅነው ታትሞ ነው።

ባለ ሉኩ

ሄሚንግዌይን ያነሳሽው ልጅ፣ ተረታሁ። እሱ ግን ጠዋት ነው የሚጽፈው፣ ልጅም አያስተኛም። የቆጣሪዋ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ካልተመለሰች ነው የሚበቃት።

ስለ ፊደሉ ግን ትክክል ብለሻል። በየደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስም ዝርዝር እጽፋለሁ፤ የማን ልጅ፣ ስንት ዓመት፣ የት ይኖራል። ደብተር ሲቀየር ዝርዝሩም ይገለበጣል።

ቆጣሪዋ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁለታችሁንም አቀላቅዬ ነው የሠራሁት። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ፤ ቀኝ ገጽ ብቻ። ማታ ስቀመጥ የምገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ የፊቱን ገጾች በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጬ ዘግቻቸዋለሁ፣ አትሳቁ፣ ይሠራል። መብራት ሲጠፋም በሻማ ይጻፋል፤ ይህን ቀድሜ አለማሰቤ!

በቀን አንድ ገጽ ተኩል እየሄደ ነው። ሁለት ማታ ምንም አልጻፍኩም፣ ልጄ አሞት ነበር። ምዕራፍ ሁለት አልቋል። ምዕራፍ ሦስት ላይ ፀሐይ ሻይ ቤቱን ዘግታ ወደ ባቡር ጣቢያው እየሄደች ነው።

አንድ ነገር ብቻ። ትናንት ማታ ልተኛ ስል ትዝ አለኝ። ምዕራፍ አንድ ላይ የሻይ ቤቱን ቁልፍ ለእህቷ ሰጥታት ነበር። ታዲያ በምን ዘጋችው? ወደ ኋላ ሄጄ ላስተካክል እጄ እያሳከከኝ ነው።

ባለ ሉኩ

ግራ ገጽ!