«በፈቃዳቸው ነው የለቀቁት» ስለተባሉት የቢዮቢዮ ሰዎች

የክርክሩ መነሻ፦ ኢንጂነሩ ትናንት ስለ ቺሊው ቢዮቢዮ ወንዝ ሲጽፍ «ለራልኮ ግድብ የተነሱት ፔዌንቼዎች ካሳቸውን ይዘው በፈቃዳቸው ነው የለቀቁት» አለ። ራልኮ በዚያው ወንዝ ላይ የተሠራ የኤሌክትሪክ ግድብ ነው፤ ፔዌንቼዎች ደግሞ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ደጉ፦ «በፈቃዳቸው» የምትለዋ ቃል አንጀቴን አቃጠለችው። በ1993 የወጣው የቺሊ ሕግ የነባር ሕዝቦችን መሬት በሌላ መሬት ለመለወጥ የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ግን አንዱ በ1997፣ ሌላው በ1998 ከቦታቸው ተነሱ። ሁለቱም በፕሮጀክቱ አልተስማሙም ነበር። ፈቃድ እንዲህ ይገኛል?

ኢንጂነሩ፦ በ1998 እና 99 ድርቅ ሳንቲያጎ መብራት በፈረቃ ነበር። ራልኮ 690 ሜጋዋት ነው። ሆስፒታሉ በምን ይሥራ? ደግሞ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ፈርመዋል።

የደጋ ልጅ፦ ስለ መብራት ማን ጠየቀህ? ፔዌንቼ ማለት የፔዌን ሰዎች ማለት ነው። ፔዌን ዛፍ ነው። ፍሬው ሲደርስ ቤተሰቡ ወጥቶ ይለቅማል፤ ቀቅለው ይበሉታል፣ ፈጭተው ለክረምት ዱቄት ያደርጉታል። ስማቸው ራሱ ከተራራው ጋር የተሳሰረ ነው። ይህን በምን ካሳ ትለካዋለህ?

ኢንጂነሩ፦ እናንተ የምትቆጩት ጀልባ ለሚቀዝፉ ቱሪስቶች ነው።

ደጉ፦ ቱሪስት ያለ ሰው አለ? ጀልባ ቀዛፊዎቹማ በ1996 እዚያው ወንዝ ላይ የፓንጌ ግድብ ሲያልቅ ነው ወንዛቸውን ያጡት። ወደ ቃሏ ተመለስ።

ኢንጂነሩ፦ እሺ። ለዓመታት እምቢ ያሉት የፔዌንቼ እህትማማቾች በርታና ኒኮላሳ ኪንትሬማንም በመጨረሻ ፈርመዋል። የመጨረሻዎቹ ሴቶች የፈረሙት በ2003 ነው። ፊርማ ፊርማ ነው።

የደጋ ልጅ፦ በ2003 እኮ ግድቡ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር! ውሃ ደጅህ ሊደርስ ሲል «ፈርም» ብትባል፣ ያ ፈቃድ ነው?

እማማ፦ ልጆቼ፣ እኔ መቃብሩን ልጠይቅ። በ2004 የግድቡ ሐይቅ ሲሞላ የፔዌንቼዎቹ መንደር የኬፑካ ራልኮ የድሮ መቃብር ውሃ ውስጥ ቀርቷል። እነዚያ ሙታንስ ለማን ፈቀዱ? እናቴ የተቀበረችበት ላይ ውሃ ቢተኛበት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ኢንጂነሩ፦ እማማ፣ መቃብሩ ስህተት ነበር፤ አልከራከርም። የኤሌክትሪኩ ጥያቄ ግን አለ።

ደጉ፦ ኒኮላሳ በዲሴምበር 2013 የሞተችው እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው፤ አስከሬኗ ከውሃው ነው የወጣው። ኢንጂነሩ፣ «በፈቃዳቸው» ያልካትን ታነሳለህ ወይስ አታነሳም?