አሪያን 6 ዘገየ ወይስ «መዘግየት የጥራት ዋጋ ነው»? (ክርክር)

የካዛንቺሱ፦ ትናንት ማታ በኤፍኤም ስለ አውሮፓ ሮኬቶች ያወራውን እንግዳ ሰማችሁት? «አሪያን 6 ዘገየ አይባልም፤ መዘግየት የጥራት ዋጋ ነው» ብሎ እርፍ! ጋዜጠኛው ደግሞ አንድ ጥያቄ እንኳን ሳይጨምር ዘፈን ከፈተለት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጻፍና፣ በ2020 ይነሳል የተባለ ሮኬት በደቡብ አሜሪካ ካለችው የፈረንሳይ ጊያና የተነሳው ጁላይ 2024 ነው። አሪያን 5 ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማ ጡረታ ወጥታለች። መሀል ላይ አውሮፓ ከባድ ሳተላይት የምታመጥቅበት የራሷ ሮኬት አልነበራትም። ጥራቱ የቱ ጋ ነው?

ሳባ ከቱሉዝ፦ ፕሮግራሙን እኔም ሰምቼዋለሁ። ቆርጠህ ነው ያመጣኸው። ሰውየው ስለ ኮቪድም፣ ስለ አዲሱ ማስወንጨፊያ ግንባታም ተናግሯል። ደሞ ሮኬት ሚኒባስ አይደለም፤ «ሞላ» ተብሎ አይነሳም። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕን ማን አመጠቀው? አሪያን 5፣ ዲሴምበር 25 ቀን 2021። በጣም በትክክል ስላስቀመጠችው ቴሌስኮፑ ለማስተካከያ የያዘው ነዳጅ ተረፈው። ከታሰበው 10 ዓመት በላይ ይሠራል ያለው ናሳ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ጥራት ይሄ ነው።

የካዛንቺሱ፦ እኔ ስለ 6 ስጠይቅ አንቺ በ5 ትመልሻለሽ። የ6ን ልንገርሽ። የመጀመሪያው በረራ ላይ የላይኛው ክፍል ረዳት ሞተር ቆመ። ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ መቃጠል የነበረበት አካል ምህዋር ላይ ቀረ። አራት ዓመት ዋጋ ተከፈለ፣ ዕቃው ግን ጎደሎ መጣ።

ቤቲ ስታር፦ 😂😂 ዋጋው ተከፍሏል፣ ደረሰኝ የለም።

ሳባ ከቱሉዝ፦ ሳተላይቶቹ በሰላም ምህዋራቸው ገብተዋል። ያንን ለምን ዘለልከው? የመጀመሪያ በረራ መሆኑንስ? አሪያን 5 በ1996 የመጀመሪያ በረራዋ ላይ 40 ሰከንድ እንኳን ሳትሞላ ነው የፈነዳችው። ምክንያቱ የአሪያን 4ን ሶፍትዌር ለአዲሱ ሮኬት በቅጡ ሳይፈትሹ መጠቀማቸው ነበር። መቸኮል እንዲህ ያደርጋል።

ጋሽ ሌኒንግራድ፦ ልጆች፣ ዋናውን ነገር ትታችሁ ዳር ዳሩን ትሄዳላችሁ። ጊያና ውስጥ የሩሲያዋ ሮኬት ሶዩዝ ነበረች። ከ2011 እስከ 2022 ድረስ 27 ጊዜ ተነስታለች። አውሮፓ ጋሊሊዮ የሚባሉ የአቅጣጫ መጠቆሚያ ሳተላይቶቿን ስታመጥቅባት ኖራ በአንድ ሌሊት አባረረቻት። ከዚያ «ሮኬት አጣን» ብላ ታለቅሳለች። ይሄም የጥራት ዋጋ ነው በሉኛ!

ሳባ ከቱሉዝ፦ ጋሼ፣ ማን አባረረ? ፌብሩዋሪ 2022 ጦርነቱ እንደጀመረ 87 ሠራተኞቹን ጠርቶ ያስወጣው ራሱ የሩሲያ የጠፈር ድርጅት ሮስኮስሞስ ነው።

ጋሽ ሌኒንግራድ፦ ማዕቀብ ጥላችሁበት ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣላችሁ?

ሳባ ከቱሉዝ፦ «ጥላችሁበት» አይበሉኝ እንጂ ጋሼ። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ምን ጣልኩ?

ቤቲ ስታር፦ ጋሼ፣ የእንግሊዙ የኢንተርኔት ኩባንያ የዋንዌብ 36 ሳተላይቶችስ? ካዛክስታን ባለው የሩሲያ ማስወንጨፊያ፣ ባይኮኑር ላይ፣ ሶዩዝ ውስጥ ተጭነው፣ ለመነሳት ቀናት ሲቀራቸው «ለወታደራዊ ነገር እንደማይውሉ ማረጋገጫ ስጡን፣ የእንግሊዝ መንግሥትም ድርሻውን ይልቀቅ» ተባለ። እዚያው ቀሩ። ኩባንያው ቀሪዎቹን በስፔስኤክስና በህንድ ሮኬት ጨረሰ። የእርስዎ ሶዩዝ ይቺ ናት።

ጋሽ ሌኒንግራድ፦ እኔ የማወራው ስለ ሮኬቷ ነው፣ ስለ ፖለቲከኞቹ አይደለም። ሮኬቷ ምን አጠፋች?

ቴሌሜትሪው፦ እዚህ የምትጨቃጨቁበት ነገር ግማሹ ቦታውን ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። ጊያና ላይ ለአሪያን፣ ለትንሿ የአውሮፓ ሮኬት ለቬጋና ለሶዩዝ የየራሳቸው ማስወንጨፊያ ተሠርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን አብዛኛው የጋራ ነው። ራዳሩ፣ መረጃ መቀበያ ጣቢያው፣ የደህንነት ቡድኑ፣ ሳተላይት የሚዘጋጅባቸው አዳራሾች፣ ሁሉም። አሪያን የመገናኛ ሳተላይት ይዛ ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች። ቬጋ የምድር ቅኝት ሳተላይት ይዛ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። በየበረራው መከታተያው እንደገና ይስተካከላል፣ ባሕሩም ከመርከብ ይጸዳል። አንዱ ቀኑ ሲንሸራተት ከኋላው ያለውም ሊንሸራተት ይችላል። በዚህ ላይ ነፋስ አለ። ሳባ የምትመካበት ዌብ ራሱ በአየር ጠባይ ምክንያት ከ24 ወደ 25 ተዛውሯል።

የካዛንቺሱ፦ አንድ ቀንማ ማን ይቆጥራል? እኔ የምቆጥረው ዓመት ነው።

ቴሌሜትሪው፦ ዓመትም ልስጥህ። ዲሴምበር 2022 ላይ አዲሷ የቬጋ ዓይነት ቬጋ-ሲ ሁለተኛ በረራዋ ላይ ወደቀች፤ ፕሌያድ ኒዮ የሚባሉ ሁለት የምድር ቅኝት ሳተላይቶች ይዛ ነበር። የሁለተኛው ክፍል ሞተር አፈሙዝ ከውስጥ ተበልቶ ነው። አፈሙዙን ቀይረው ጁን 2023 ላይ መሬት ላይ ሲሞክሩት እንደገና ተበላሸ። ቬጋ-ሲ እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ አልበረረችም። ተመልሳ ስትመጣ የጫነችው ሴንቲኔል-1ሲን ነበር። ጎርፍና የመሬት መንሸራተት የሚያይ ራዳር ነው። ከ1ኤ ጋር ጥንድ ሆና ትሠራ የነበረችው ቀዳሚዋ 1ቢ የተበላሸችው በ2021 መጨረሻ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ከሁለት ዓይን በአንዱ ነው የታየው። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ተጠብቆ ሮኬቷ ቆማ፣ ሳተላይቱ ተጭኖ፣ ሸፍኖ የሚይዛት ተንቀሳቃሽ ማማ ወደ ኋላ አልሄድም አለና በረራው ለማግስቱ ተላለፈ!

ቤቲ ስታር፦ ማማው ራሱ ጥራት እየጠበቀ ነበር።

ሳባ ከቱሉዝ፦ ሳቂ። ማግስቱን ግን በሰላም ሄዳለች። ያን አፈሙዝ ይዘው ቸኩለው ቢሞክሩ ሴንቲኔልም ባሕር ውስጥ ነበረች። ይሄን ነው እንግዳው የጥራት ዋጋ ያለው።

የካዛንቺሱ፦ እሺ፣ ለቬጋ ልቀበልሽ። ለ2017ቱስ? ማርች ላይ አሪያን 5 የብራዚልና የኮሪያ ሳተላይት ጭና ልትነሳ ስትል መንገድ ተዘጋ። የተነሳችው ሜይ 4 ነው። ስድስት ሳምንት! ሰው ሥራ ካልፈለገ ሮኬቱ ምን ያድርግ?

ሳባ ከቱሉዝ፦ አሁን ነው የምናደደው። ሥራ የጠላ ሰው አልነበረም፣ ሥራ ያጣ እንጂ። የጊያና ሰው መንገድ የዘጋው ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጸጥታ ነው። በየጊዜው ብዙ ሚሊዮን የሚያወጣ ዕቃ ከደጃቸው ወደ ሰማይ ሲሄድ እነሱ ውሃና መብራት ያልገባበት ሰፈር አላቸው። የእንቅስቃሴያቸው ስም ራሱ «ጊያና እንድትነሳ» ነበር። ፈረንሳይ ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ቃል ገብታ ነው የተፈታው። አንተ ካዛንቺስ ሲፈርስ ምን ስትል ነበር?

የካዛንቺሱ፦ ካዛንቺስን አታንሺብኝ። የጠየቅኩሽን መልሺ። እሱ የጥራት ዋጋ ነው ወይስ የሆስፒታል?

ሳባ ከቱሉዝ፦ ሁሉም መዘግየት አንድ ነው ያለ ሰው የለም።

የካዛንቺሱ፦ እንግዳው አለ! «መዘግየት የጥራት ዋጋ ነው» አለ። «አንዳንዴ» አላለም።

የእንጦጦ ጎረቤት፦ እዚህ ሆነን ለአሪያን መታረዳችን ነው የገረመኝ። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ETRSS ስትመጥቅ እኛ የት ነበርን? ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ ንጋት ላይ፣ ከቻይናው ታይዩዋን። እንጦጦ ላይ ሰው በብርድ ተኮራምቶ በስክሪን ሲያይ ነበር። 70 ኪሎ ገደማ ናት። የሮኬቱ ዋና ተሳፋሪ የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ነው፤ ሲቢኢአርኤስ-4ኤ። ትንሽ ሆነህ ተደርበህ ስትሄድ ቀኑን የምትቆርጠው አንተ አይደለህም። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «ለምን ዘገየ» ሳይሆን «ወረፋው ላይ ድምፅ አለን ወይ» ነው።

ቤቲ ስታር፦ ገንዘብ ያለው ድምፅ አለው። አውሮፓም ድምፅ አለኝ ስትል ኖራ በመጨረሻ የት ሄደች? ዩክሊድ ቴሌስኮፕ በስፔስኤክስ ሮኬት፣ በፋልከን 9። ጋሊሊዮ በፋልከን 9። የአስትሮይድ መንኮራኩሩ ሄራ በፋልከን 9። የአውሮፓ የአየር ጠባይ ሳተላይት ድርጅት ዩሜትሳትማ አሪያን 6 ልትነሳ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው የአየር ጠባይ ሳተላይቱን ወደ ፋልከን የቀየረው። የራሳቸው ሰዎች ጥራቱን አልጠበቁም!

ሳባ ከቱሉዝ፦ ዩሜትሳት ያደረገው እዚህም ብዙ ሰው አናድዷል። እኔንም ጨምሮ። ነገ አንድ ሰውዬ ደስ ሳይለው ቀርቶ «አላመጥቅም» ቢልስ? የራስ ሮኬት የሚሠራው ለዚያ ቀን ነው።

ጋሽ ሌኒንግራድ፦ እሱን ነው እኮ ያልኩት። ሶዩዝ ላይ ተደግፋችሁ ወደቃችሁ። አሁን ደግሞ አሜሪካኑ ላይ።

ሳባ ከቱሉዝ፦ ጋሼ፣ አሁን ከእኔ ጋር ተስማሙ ማለት ነው?

ጋሽ ሌኒንግራድ፦ አልተስማማሁም። ሶዩዝ ትመለስ ነው የምለው።

የእንጦጦ ጎረቤት፦ የኔን ጥያቄ ማንም አልመለሰም።

ቤቲ ስታር፦ ሳባዬ፣ እንወራረድ። ቀጣዩ አሪያን 6 በተባለው ቀን ከተነሳ አዲስ አበባ ስትመጪ ማኪያቶ በእኔ።

ሳባ ከቱሉዝ፦ ተስማምቻለሁ። ከኬክ ጋር።

የካዛንቺሱ፦ ቆይ፣ በየትኛው ቀን? መጀመሪያ በተባለው ነው ወይስ ሦስተኛ ጊዜ በተቀየረው?