ከሆስፒታል ወደ ቤት ለቤት ሕክምና የተሻገርሁ ነርስ ነኝ፤ ድፍረቴ የት ሄደ?

ነርስ ከሽምብጥ

ጤና ይስጥልኝ የሙያ አጋሮቼ። ሦስት ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ከሠራሁ በኋላ ከሁለት ወር ወዲህ እዚሁ ባሕር ዳር የቤት ለቤት ሕክምና ጀምሬአለሁ። በክፍሉ ውስጥ ደፋር ከሚባሉት አንዷ ነበርሁ፤ አሁን ግን የታማሚ ቤት በር ሳንኳኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ሳምንት፣ በዚሁ በፍልሰታ ጾም፣ አንዲት የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት ዘንድ ስደርስ ላብ አጥምቋቸው፣ አንደበታቸው ተሳስሮ አገኘኋቸው። ጠዋት ኢንሱሊናቸውን እንደ ወትሮው ተወግተው፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ምንም ሳይቀምሱ ቆይተዋል። የደም ስኳራቸውን ስለካቸው 52 ሚ.ግ/ዴ.ሊ ሆነ። ስኳር በውኃ በጥብጬ ሰጠኋቸውና ተሻላቸው። ይሁን እንጂ ልጆቻቸው ከበው ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ስለ ነበር፣ ስልኬን አውጥቼ ሐኪም ለመጠየቅ አፈርሁ፤ “ይህች አታውቅም” የሚሉኝ መሰለኝ። ይህ ፍርሃት በጊዜ የሚለቅ ነውን?

የቆየች ሲስተር

እኅቴ፣ ሙያሽ አልጠፋም፤ የጎደለሽ ባልደረባ ነው። በክፍል ውስጥ ሳለሽ ዘወር ብለሽ የምትጠይቂያት አለቃ ነርስ፣ ኦክስጅኑና የመድኃኒት ጋሪው አብረውሽ ነበሩ። ስለዚህ ቤቱ ከመግባትሽ በፊት፣ ሕክምናውን ካዘዘው ሐኪም ጋር ለእያንዳንዱ ታማሚ በሁለት ቁጥር ላይ ተስማሚ፦ ልኬቱ ስንት ሲደርስ እንደምትደውዪለት፣ ስንት ሲደርስ ደግሞ ሳትደውዪ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንደምትልኪ። በታማሚው ማኅደር ጻፊው፤ ለቤተሰቡም በመጀመሪያው ቀን አስቀድመሽ ንገሪ። ያን ጊዜ ስልክ ማንሣትሽ ትእዛዝ መፈጸም እንጂ አለማወቅ አይሆንም።

በስኳሩ ጉዳይ ያደረግሽው ትክክል ነው። ከ70 በታች ሲሆን ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ ይሰጣል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልተስተካከለ ይደገማል፤ ሲመለስም ምግብ ይከተላል። መዋጥ ላቃተው ሰው ግን በአፉ ምንም አይደረግም። ሆኖም ጾሙ ገና አልተፈታምና ነገም ያው ነገር ሊደገም ይችላል። የኢንሱሊኑ መጠንና ሰዓት የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ የጾሙ ጉዳይ ደግሞ የንስሐ አባታቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን ታማሚን በጾም አታስገድድም፤ ነገር ግን “ጾሙን ይተዉ” የሚለው ቃል ካንቺ አፍ ከወጣ በሩ ሊዘጋብሽ ይችላልና፣ ልጆቻቸው የንስሐ አባታቸውን እንዲጠሩ ለምኚ።

ደም ግፊት ስትለኪ ታማሚው አምስት ደቂቃ ጀርባውን አስደግፎ ይቀመጥ፤ ልኬቱም ከቡና ይቅደም፤ አለዚያ ግማሽ ሰዓት ልትጠብቂ ነው። ቡናውን እምቢ ማለት ግን አይገባም፤ መድኃኒቱ ተቋርጦ እንደ ሆነ ጭምር የቤቱ እውነተኛ ወሬ የሚወጣው በአቦልና በቶና መካከል ነውና።

አስታማሚ ልጅ

እኔ የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም፤ አባቴን በስትሮክ ምክንያት አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ የማስታምም ነኝ። መጀመሪያ ትመጣልን የነበረችው ነርስ የጠየቅናትን ሁሉ “አውቃለሁ” ትል ነበር፤ ጀርባቸውን ግን አገላብጣ አላየችም፤ ወገባቸው ሥር የመኝታ ቁስል ሲከፈት ያወቅነው እኛው ነን። ሁለተኛዋ ገና በመጀመሪያው ቀን አገላበጠቻቸው፤ ፊታችን ለሐኪሙ ደወለች፤ በየሁለት ሰዓቱ እንድናገላብጣቸው አሳይታን ሰዓቱን በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችልን። ቤተሰባችን የሚተማመንባት ይህችኛዋን ነው። እኛ ዓይን ዓይንዎን የምናይዎ ልንፈርድብዎ ሳይሆን ስለ ጨነቀን ነው።

ነርስ ከዘጌ መንገድ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ስልኩ ሁልጊዜ አይሠራም። እኔ ወደ ሐይቁ ዳር ገጠር ስለምወጣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ነፋስ ተነሥቶም ጀልባ ሲቀር አይቻለሁ። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ላለ ታማሚ የመላኪያውን ቁጥር ቀደም ብሎ እንዲላክ አድርገው ይያዙት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጠራጠሩበትን ነገር እስከ ምሽት አያቆዩት፤ ሲጨልም ማጓጓዣ አይገኝም።

የመኝታ ቁስልን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። የተማርነው ቀይ ምልክት እንድንፈልግ ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በደንብ አይታይም። በእጅ ጀርባ ዳስሰው ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የላላ ቦታ ካገኙ፣ ሲነኩትም ታማሚው ካመመው፣ ቆዳው ሳይከፈት የደረሱበት እርሱ ነው። ቤት ውስጥ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ትንሽ የእጅ ባትሪ ከቦርሳዎ አይለይ። ያገለገለ መርፌም ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ እየከተቱ ወደ ጤና ተቋም ይመልሱት እንጂ ከቤቱ ቆሻሻ ጋር አይጣል።

ነርስ ከሽምብጥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት እናታችን ዘንድ ሄጄ፣ ከልኬቱ በፊት ልጆቹን አስቀምጬ ሁለቱን ቁጥሮች ነገርኋቸው፤ ከዚያም እፊታቸው ለሐኪሙ ደወልሁ። ሐኪሙም ጾሙ እስኪፈታ ድረስ የጠዋቱን የኢንሱሊን መጠን ዝቅ አድርገውታል። የንስሐ አባታቸው ለነገ ተጠርተዋል። ከቤቱ ስወጣ ታላቁ ልጅ ቁጥሮቹን ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋቸው ነበር።