ለአገልግሎት ወደ ሞምባሳ ልሄድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት ናቸው?

የጠባሴው ልጅ

ውድ ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ26 ዓመት ወጣት ስሆን ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። በአጥቢያችን የልጆችን ትምህርት ለአምስት ዓመት ያህል ሳስተባብር ቆይቼ፣ አሁን በኬንያ ከሞምባሳ ከተማ ወጣ ባለ አንድ መንደር ለሁለት ዓመት በሚስዮናዊነት እንዳገለግል ተመርጫለሁ። የምነሣው ከጥምቀት በኋላ ነው።

ሥልጠናውን ጨርሻለሁ። ይሁን እንጂ የተማርነው በአብዛኛው ስለ ስብከት ዝግጅትና ስለ ምስክርነት ስለ ነበር፣ አንድ ሰው ማንንም በማያውቅበት መንደር ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ ምን እንደሚያደርግ የነገረኝ የለም። ስዋሂሊ የምጀምረው ከሰላምታ ነው። እናቴ በበኩሏ በሶና ቆሎ እያዘጋጀች ነው፤ የመንዝ ባና (የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ) ካልያዝህ አትሄድም ብላም ከሻንጣዬ ግማሹን በባና ሞልታዋለች። በውጭ አገር ያገለገላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ወራት እንዴት አሳለፋችኋቸው? ቀድመን ብናውቀው ኖሮ የምትሉት ነገር ካለ ብትነግሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

ከባሕር ዳርቻው የተመለሰ

ወንድሜ፣ እኔም በዚያው ጠረፍ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቻለሁና ጥያቄህ የራሴን ጅማሬ አስታወሰኝ። ባናውን በሰላም ለእናትህ መልስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሞምባሳ ግን ባሕሩ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ሌሊቱም ያው ሙቀት ነው። በሶውን ግን አደራ ያዝ፤ ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ እስክትለምድ ድረስ ያነሣሃል።

የመጀመሪያው ውርደቴ በሰዓት የመጣ ነው። ወደ ውጭ አገር ስለምሄድ የፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር እንዳያሳስተኝ ብዬ አስቀድሜ ስለማመድ ከርሜ ነበር። በደረስሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ የእሑዱ ጉባኤ «ሳ ምቢሊ» እንደሚጀምር ነገሩኝ፤ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። እኔም እንደ ብልህ ሰው ስድስት ሰዓት ጨምሬ፣ የእኛ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሸሚዜን ተኩሼ ደረስሁ። ያገኘሁት የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮችንና አዳራሹን የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበር። ለካ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ኖሯል፤ የእነርሱ ሁለት ሰዓት የእኛው ሁለት ሰዓት ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኜ በዚህ መሳሳቴ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። የአውቶቡስና የባቡር ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ነውና እርሱን ለይተህ ተመልከት።

ቋንቋው ከምታስበው በላይ ይቀርብሃል። ከዐረብኛ የወረሳቸው ብዙ ቃላት ከእኛዎቹ ጋር ስለሚዛመዱ «ሳ» ሰዓት፣ «ዳኪካ» ደቂቃ፣ «ሄሳቡ» ሒሳብ፣ «ሱካሪ» ስኳር፣ «ሳቡኒ» ሳሙና መሆናቸውን ያለ መምህር ትገምታለህ። «ኤልፉ» ግን ያታልልሃል፤ የእኛ እልፍ ዐሥር ሺህ ሲሆን የእነርሱ አንድ ሺህ ነው፤ በእርሱ ምክንያት ገበያ ላይ አንድ ቀን በከንቱ ደንግጫለሁ። የሚያስቸግርህ ብዙ ቁጥር ሲመጣ የቃሉ ፊት መለዋወጡ ነው፤ «ኪታቡ» መጽሐፍ ሲሆን መጻሕፍት «ቪታቡ» ይሆናሉ፤ አብሮትም ቅጽሉና ግሡ ይለወጣል።

ከሁሉ አስቀድመህ ግን ሰላምታውን አጥና። በዕድሜ የሚበልጥህን ሁሉ «ሺካሙ» በለው፤ እርሱም «ማራሃባ» ይልሃል። ሰው ቤት ስትደርስ ደጅ ቆመህ «ሆዲ» ሳትል፣ «ካሪቡ» ሳትባል አትግባ። የደከመ፣ የታመመ ወይም ዕቃ የወደቀበት ሰው ስታይ «ፖሌ» ማለት አይዞህ እንደማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት እኔ በእነዚህ አምስት ቃላት ነው የኖርሁት ብል ማጋነን አይሆንም። ጠዋት ከጎረቤት ልጆች ጋር ውኃ እቀዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አንዱ ቤት እቀመጣለሁ፣ ሳይገባኝም እስቃለሁ። ስብከት እንዳቀርብ በስድስተኛው ሳምንት ተጋብዤ በአስተርጓሚ ተናግሬ ነበር፤ ከተናገርሁት ይልቅ ሰዎቹ ያስታወሱልኝ ጀሪካን መሸከሜን ነው።

ብቸኝነቱ የሚመጣው ባልጠበቅኸው ቀን ነው። ታኅሣሥ 16 እነርሱ ገናን ሲያከብሩ አብረህ ትደሰታለህ፤ ታኅሣሥ 29 ግን የሥራ ቀን ነው። መስከረም 1 እኔ ብቻዬን «እንኳን አደረሰህ» ብዬ ለራሴ ቡና አፍልቻለሁ።

ነጭ ጋውን

የጤና ባለሙያ ነኝና ስለ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ደጋ ላይ ያደገ ሰው የወባን ነገር በወሬ ነው የሚያውቀው፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ የታመመ ዘመድ ካለህ እርሱን ጠይቀው። የሞምባሳ ዳርቻ ወባማ ስለሆነ ከመነሣትህ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክር፤ በአጎበር ተኛ፤ ትኩሳት ሲሰማህ ጉንፋን ነው ብለህ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ተመርመር። ለዕረፍት አገር ቤት ተመልሰህ ቢያተኩስህም ከየት እንደመጣህ ለሐኪሙ ንገረው። የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀትህንም ከፓስፖርትህ ጋር ያዝ።

የአንኮበሩ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ስለሆንሁም የምነግርህ እንደ ላኪ ሳይሆን ሚስዮናዊ ተልኮበት እንደሚያውቅ አገር ሰው ነው። አንተ ዛሬ ወደምትሄድበት ጠረፍ ከአንተ በፊት ከዚሁ ከእኛ አገር የሄደ ወጣት ሚስዮናዊ ስለ ነበር የእርሱን ጅማሬ ብታውቅ ይጠቅምሃል። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።

ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የተባለው ጀርመናዊ በ1810 ተወልዶ በስዊዘርላንዷ ባዝል ከሠለጠነ በኋላ፣ ከአንድ የእንግሊዝ ሚስዮን ማኅበር ተልኮ በመጀመሪያ ትግራይ ገባ። በ1838 ደጃዝማች ውቤ ሚስዮናውያኑን ሲያስወጧቸው፣ ከባልደረባው ከኢዘንበርግ ጋር በታጁራ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1839 ሸዋ ደረሰ። ዕድሜው 29 ነበር። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ክራፍ ግን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጥላ ሥር እስከ 1842 ድረስ በአብዛኛው ብቻውን ቆየ። ኦሮምኛ አጥንቶም ከወንጌል የተወሰነውን ክፍል በላቲን ፊደል ተረጎመ። ለዚህ ትጋቱ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ያልተሳካለት ሌላው ነገር ነው። የመጣው ከአብዛኛው አውሮፓ በፊት ክርስትናን ወደ ተቀበለ ሕዝብ ነበር፤ ካህናቱም ስለ ክርስቶስ ልደት የሚነሣውን ሦስት ልደትን በመሰለ ጥልቅ ክርክር የተካኑ ስለነበሩ፣ ስለ ጾምና ስለ ቅዱሳን ሲከራከራቸው «ይህ ሰው ምን አዲስ ነገር አመጣልን?» ማለታቸው አይቀርም። ንጉሡም ከመምህር ይልቅ ሐኪም፣ ግንበኛና ቀጥቃጭ ይፈልጉ ነበር። በዚህ ላይ በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን መድፍና ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ክራፍ ሥራውን አገዘው። ወንጌሉና የመንግሥት ጉዳይ በሰው ዓይን አንድ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት እጮኛውን ሊቀበል ሲወጣ ወሎ ላይ ተዘረፈ፤ በኋላ ሊመለስ ቢሞክርም ወደ ሸዋ አልገባም። እኔ የማምነው ከክርክሩ ይልቅ የጎዳው ይህ መደባለቅ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ በምትሄድበት አገር በማንም ፖለቲካ ውስጥ ጠረጴዛ አትጋራ።

ባለቤቱ ሮዚና ትባል ነበር። ዳግመኛ በምጽዋ በኩል ሊገቡ ሲሞክሩ በበረሃ ሴት ልጅ ወልዳ ሕፃኗ ሞተችባቸው፤ ያወጡላትም ስም በአማርኛ «እንባ» ነበር። በ1844 ሞምባሳ ደረሱ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሮዚናና ሌላዋ አራስ ልጇ በወባ መሰል ንዳድ በቀናት ልዩነት አረፉ። የተቀበሩት ከደሴቲቱ ማዶ፣ በዋናው ምድር ላይ ነው። ክራፍ ከዚያ ወዲያ ሞምባሳ አጠገብ በምትገኘው በራባይ ሰፍሮ ስዋሂሊን አጠና፤ መዝገበ ቃላቱ የታተመው እርሱ ካረፈ በኋላ በ1882 ነው። የጤና ባለሙያው ያሉትን አጎበር እንግዲህ አትርሳ።

የጠባሴው ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህር፣ የጻፉትን ማታ ለእናቴ አነበብሁላት፤ «እንባ» የሚለው ስም ላይ ስደርስ አስቁማኝ «በእኛው ቋንቋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኋት። መቃብሩን ፈልጌ እንዳይ ነግራኛለች። ዛሬ ጠዋት ባናውን ከሻንጣዬ አውጥታ፣ በቦታው ሁለተኛ የበሶ ከረጢትና ከገበያ የገዛችውን አጎበር አስገብታልኛለች።