የዕቅድ ውይይት፦ ከጣና እስከ ቪክቶሪያ፣ ለ7ኛ ክፍል የሚቀርብ የእምቦጭ ትምህርት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የምናስገባው የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። ርእሱ «የዓለም ዜግነትና ዘላቂ ልማት ለልጆች» ነው። በጣና ሰሜንና ምሥራቅ ዳር ባሉ 3 ትምህርት ቤቶች፣ በእያንዳንዳቸው በ2 የ7ኛ ክፍል ምድቦች፣ ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ ለ8 ሳምንት ይካሄዳል። መነሻ ያደረግነው የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች ንዑስ ግብ 4.7ን ነው፤ እስከ 2030 ተማሪ ሁሉ ስለ ዘላቂ ልማትና ስለ ዓለም ዜግነት ዕውቀትና ክህሎት እንዲይዝ ይጠይቃል። በረቂቁ መሠረት 1ኛ ሳምንት ግቦቹን በፖስተር እናስተምራለን፣ 4ኛ ሳምንት ችግኝ እንተክላለን፣ 8ኛ ሳምንት ልጆቹ በሰልፍ ላይ ግጥምና ጭውውት ያቀርባሉ። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ጻፉ።

የሳይንስ መምህርት፦
ጸሐፊያችን፣ ድካምህ ይታያል፤ ግን አጀማመሩን እንቀይረው። 17 ርእስ የሸመደደ ልጅ በፈተና ይመልሰዋል፣ ክረምት ሲገባ ይረሳዋል። ከደጁ ካለ ነገር እንነሣና እሱን ተከትለን ወደ ዓለም እንውጣ። ለጣና ዳር ልጅ ውኃ ላይ ከሚንሳፈፈው አረም፣ ከእምቦጭ፣ የቀረበ ምን አለ? ተክሉ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአማዞን ተፋሰስ ነው። ሐምራዊ አበባው ስላማረ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ ብለው ከአገር አገር አዞሩት። በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃና አዋሽ ላይ ተመዘገበ፣ ጣና ላይ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ግቦቹ መጨረሻ ላይ ይምጡ፤ ያኔ ልጆቹ ራሳቸው «ይሄ እኮ ግብ 6ን (ንጹሕ ውኃን) ይነካል፣ ይሄኛው 14ን (የባሕር ሕይወትን) ሳይሆን 15ን (የየብስ ሕይወትን)» እያሉ ይከራከሩባቸዋል።

ችግኙን ደግሞ ጨርሶ እናውጣው። በየካቲት የተተከለ ችግኝ ዝናብ ሳያገኝ በሁለት ወር ይደርቃል፣ በሐምሌ እንትከል ብንል ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ልጆች የተከሉት ሲደርቅ ማየታቸው ከሁሉ የከፋ ትምህርት ነው።

በምትኩ ሁለት ሥራ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው የሽምብራ ሥራ ነው፣ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። 60 ልጅ በ10 ቡድን ይከፈል፤ እያንዳንዱ ቡድን በጠመኔ ወለሉ ላይ 11 ሣጥን ይሥራ። አንድ ፍሬ አንድ ካሬ ሜትር ነው፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን መሄድ ሁለት ሳምንት። 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ እስከ ስምንተኛው ሣጥን፣ እስከ 128 ድረስ፣ በፍሬ ይሞላሉ፤ የቀሩትን ሦስቱን በወረቀት ያሰላሉ። በ20 ሳምንት 1,024 ላይ ይደርሳሉ። ስሕተቱ የሚመጣው አራተኛው ሣጥን ላይ ነው፦ ብዙ ልጅ 2፣ 4፣ 6 ብሎ ይደምራል። መምህሩ ቶሎ ማረም የለበትም። ሁለት ጎረቤት ቡድኖች ሣጥናቸውን ያስተያዩ፤ የአንዱ ሣጥን ሞልቶ ሲፈስ የሌላው ባዶ ሲቀር ልዩነቱን ራሳቸው ያገኙታል።

ሁለተኛው የጠርሙስ ሙከራ ነው፣ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። እምቦጭን ያደለበው ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ንጥረ ነገር መሆኑን ያሳያል። ለየቡድኑ 3 ባለ 1 ሊትር የውኃ ፕላስቲክ፦ አንዱ የኩሬ ውኃ ብቻ፣ ሁለተኛው የኩሬ ውኃና 5 ፍሬ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ፣ ሦስተኛው የኩሬ ውኃና አንድ የሾርባ ማንኪያ የእርሻ አፈር። ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀመጥ፣ ጠርሙሶቹ መስኮት አጠገብ ይደርደሩ፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ውኃውን ስለሚያሞቀው አይንካቸው። በየማክሰኞው ነጭ ወረቀት ከጀርባ አድርገው አረንጓዴነቱን ከ0 እስከ 4 ይመዝግቡ። የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። የቧንቧ ውኃ ከተጠቀሙ ክሎሪኑ አልጌውን (ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ ሕይወት) ይገድለዋል፣ ምንም አይበቅልም። ማዳበሪያ ከበዛም እንዲሁ። የአፈሩ ጠርሙስ ደግሞ ሁለት ቀን ካልሰከነ ድፍርሱ ብርሃን ይከለክላል፣ ልጆቹም «አፈር ምንም አያደርግም» ብለው ይደመድማሉ። በእንክብካቤ ጉድለት የተገኘ ውጤት ጎርፍንና የአፈር መሸርሸርን ከጥፋት ነፃ የሚያደርግ ማስረጃ መስሎ እንዳይመዘገብ።

የዜግነት ትምህርት መምህር፦
በሁሉም እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ከእህታችን ሙከራ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ልጆች ጥፋተኛ መፈለግ ይወዳሉ። ጠርሙሱ አረንጓዴ ሲሆን «ገበሬዎቹ ናቸው» ይላሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ የገበሬ ልጆች ናቸው። ስለ አማዞን ሲሰሙ «ፈረንጅ አመጣብን» ይላሉ። ስለዚህ ከሙከራው ቀጥሎ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሰጥ፤ ጥያቄው «ማን አጠፋ?» መሆኑ ይቅርና «እያንዳንዱ ምን ያውቅ ነበር? ምንስ ማድረግ ይችላል?» ይሁን። ገበሬው፣ የከተማው ነዋሪ፣ ሆቴሉ፣ አበባውን በጌጥነት የተሸከመው መንገደኛ በየካርዱ ይጻፉና ቡድኖች ይመልሱ።

«ዓለም»ን ደግሞ በካርታ ብቻ አናቁመው። የኬንያዋ ኪሱሙ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ናት፣ የዊናም ባሕረ ሰላጤዋ በዚሁ አረም ተሠቃይቷል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ አረሙን የሚበሉ ጥንዚዛዎች ተለቅቀው በእጅጉ ቀነሰ፣ ከዓመታት በኋላ ግን ተመልሷል። ከአንድ የኪሱሙ ትምህርት ቤት ጋር የጠርሙስ ሰንጠረዥ ብንለዋወጥ ልጆቻችን የሚወያዩበት እውነተኛ ነገር ያገኛሉ። ከጣና የሚወጣው ዓባይና ከቪክቶሪያ የሚወጣው ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ ይገናኛሉ፤ ይህን በካርታ ሲያዩ የሁለቱ ሐይቅ ልጆች ዝምድና ይገባቸዋል።

ተግባራዊ ጉዳይ አለ። የኬንያ የትምህርት ዓመት በጃንዋሪ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ተርም ኤፕሪል መጀመሪያ ገደማ ያልቃል፤ የእኛ የካቲትና መጋቢት ስለዚህ ይገጥማል። በሰንጠረዡ ላይ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ሰዓት በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይሁን፤ ስዋሂሊም እንደ እኛ ከንጋት ይቆጥራል፣ «ሳ ሞጃ» ማለት የእኛው አንድ ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን 7 ይሆናልና ይምታታል። (ይህን ልጆቹ ራሳቸው እንዲያገኙት ቢተውላቸው ደስ ይለኛል።)

የወላጆች ተወካይ፦
ሐሳቡ እንደኔ ያለ ወላጅ የሚቀበለው ነው፣ ነገር ግን ሐይቅ ዳር መሄድ የሚል ካለ መፈረም አልችልም። በጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ልጅ እግሩን ውኃ ውስጥ አያስገባ።

የሳይንስ መምህርት፦
ልክ ነዎት፣ እንዲህ ብለን እንጻፈው። በየካቲት ሐይቁ ሲሸሽ ዳር ላይ የቀረውን እምቦጭ ከደረቅ መሬት ያያሉ፤ መንገድ ካልተመቸ ጉዞው ይሰረዝና ፎቶ ይበቃል። ለጠርሙሱ የሚሆነውን ውኃ መምህር በገመድ ባልዲ ይቅዳ፣ ልጆች ከመንካታቸው በፊት 2 ቀን ይቀመጥ፤ የቢልሃርዝያው ተውሳክ የሚገባበት ሰው ካላገኘ ከዚያ በላይ አይቆይም። ተክሉን ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት ፈጽሞ ክልክል ይሁን። ትንሽ ቁራጭ ወደ ትምህርት ቤቱ ኩሬ ከገባች ትራባለች፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዓለም ላይ የተሰራጨው እኮ «ለማሳየት ብዬ» በሚሉ እጆች ነው።

የወላጆች ተወካይ፦
እንደዚያ ከሆነ እፈርማለሁ። ደብዳቤና ፎቶም ይታሰብበት። ልጆች በመጠሪያ ስማቸው ብቻ ይጻፉ፣ የአባት ስም፣ ስልክና ሰፈር አይካተት። ፊት የሚያሳይ ፎቶ አይላክ፤ እጅ፣ ጠርሙስና ሰንጠረዥ ይበቃል። መልእክት በሁለቱ መምህራን በኩል ብቻ ይለፍ፣ የወላጅ ፈቃድም በአማርኛ ተጽፎ ለማያነብ ወላጅ ይነበብለት።

ሒሳብ ሹም፦
ለ6 ምድብ ያሰላሁት፦ 180 ፕላስቲክ (ከየቤቱ ታጥቦ ይመጣል፣ አንገዛም)፣ 3 ኪሎ ሽምብራ፣ ለየትምህርት ቤቱ አንድ ኪሎ ሆኖ ሁለቱም ምድብ በተራ ይጠቀማል። ኤንፒኤሱ በፍሬ ስለሚቆጠር ከአንድ ገበሬ እፍኝ ከተገኘ ይበቃል፣ ግን መምህሩ ቆልፎ ያስቀምጠው። ወረቀት፣ ማርከርና ለ8 ሳምንት የኢንተርኔት ካርድ ይገዛሉ፤ የወረቀቱና የማርከሩ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይምጣልኝ። ሽምብራው ከ8ኛው ሳምንት በኋላ የት ይሄዳል? ወለል ላይ የዋለ ስለሆነ ለምግብ አይሁን፤ ለዘር እንስጠው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬ እልካለሁ። 1ኛ ሳምንት የተክሉ ጉዞ በካርታ፣ 2ኛ ሽምብራ፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ጠርሙስ፣ 6ኛ የካርዱ ውይይት፣ 7ኛ የኪሱሙ ልውውጥ፣ 8ኛ ግቦቹን ከሰንጠረዡ ጋር ማያያዝ። የሰልፉ ግጥም ወጥቷል፤ በምትኩ ልጆቹ ውጤቱን በሚኒ ሚዲያ ያነባሉ። የዜግነት መምህሩ ለኪሱሙው ትምህርት ቤት የሚላከውን የመጀመሪያ ደብዳቤ እስከ ሰኞ ያዘጋጅ። መልስ ካልመጣ 7ኛው ሳምንት በወረታና በቆላ ድባ ልጆች መካከል ይሆናል፤ ይህም በረቂቁ ይግባ። የሳይንስ መምህርት ያነሣችው የውኃው የ2 ቀን ቆይታ በደማቁ ይጻፍ፣ መምህራኑ ሲቸኩሉ መጀመሪያ የሚዘሉት እሱን ነው።