ለአባቴ ሸክላ ማጫወቻ የሚሆን ገመድ፦ ውዱን ላስመጣ ወይስ ርካሹ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የሸክላ ልጅ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በወጣትነቱ፣ በ1960ዎቹ፣ ከደመወዙ እየቆጠበ የገዛቸው ወደ ስልሳ የሚጠጉ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሉት። አብዛኞቹ የአምሃ ሪከርድስና የካይፋ ናቸው። የድሮ ማጫወቻው ተሰብሮ ሸክላዎቹ ከሃያ ዓመት በላይ በሳጥን ተቀምጠው ነበር። ባለፈው ጥቅምት አዲስ ማጫወቻ ገዛንለት፤ ካርትሪጁ (መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ነው። አምፕሊፋየሩ ግን ያው የድሮው ነው። ከጀርባው «ፎኖ» የተባለ፣ ለሸክላ ማጫወቻ የተለየ መግቢያ አለው፣ እስካሁንም ጤነኛ ነው።

ማጫወቻው ቡፌ ላይ፣ አምፕሊፋየሩና ስፒከሮቹ ደግሞ ከክፍሉ ማዶ ስለሆኑ አብሮት የመጣው ገመድ አልደረሰም። መርካቶ ሄጄ ቀይና ነጭ ጃክ ያለው ባለ 4 ሜትር ገመድ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። መርፌው ሸክላውን ሳይነካ ገና ድምፁን ከፍ ሳደርግ «እምምም» የሚል ጉምጉምታ ይሰማል። ዘፈኑ ሲጀምር ደግሞ «ሰ» እና «ሸ» ያለባቸው ቃላት ጆሮ ይወጋሉ፤ የሲምባሉ ጥራት ግን የለም፣ ታፍኗል። አባቴ ምንም አይልም። ሁለት ሸክላ ሰምቶ «ይብቃኝ» ብሎ ይነሳል። እኔን የከበደኝ ይህ ነው።

በአሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ 160 ዶላር የሚያወጣ፣ ሽቦው ከንጹሕ ብር የተሠራ ገመድ ላምጣ ይላል። ላዩ ላይ ቀስት የተሳለበት ነው። እውነት ለውጥ ያመጣል? ገንዘቡ ለእኛ ትንሽ አይደለም።

መልስ፦ ሙዚቃ ወዳጅ፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ ያምጣልሽ። እኔ የሲዲ ማጫወቻዬን ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያገናኘውን አሮጌ ገመድ ባለፈው ዓመት በጥሩ ገመድ ቀይሬ ድምፁ ወዲያው ነው የጠራው። የግራው ስፒከር ይንሿሿ ነበር፣ ጠፋ። የቤዙ ምት ቁልጭ ብሎ ተለየ። ሁለት ጓደኞቼም ሰምተው መስክረዋል። ገመድ ለውጥ አያመጣም የሚሉ ሰዎች በደንብ አድምጠው አያውቁም ባይ ነኝ።

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ጎንደር

ልጄ፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ። ከማጫወቻው ጀርባ፣ ከቀዩና ከነጩ ጃክ ሌላ፣ ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ብረት ያለባት ቀጭን ሽቦ አለች? ካለች የት አሰርሻት? ሁለተኛ፣ ማጫወቻው «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል መቀያየሪያ፣ ማለትም የራሱ ማጉያ፣ አለው? ሦስተኛ፣ በዚያው አምፕሊፋየር ከስልክሽ ሙዚቃ ስታጫውቺ «ሰ» ይወጋል?

የሸክላ ልጅ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሽቦዋ አለች። ትርፍ መስላኝ ጠቅልዬ በፕላስተር ከማጫወቻው ጀርባ ለጥፌያታለሁ። መቀያየሪያ የለውም። ከስልክ ሳጫውት ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ጉምጉምታም የለም።

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ጎንደር

እንግዲያው ስፒከሩም አምፕሊፋየሩም ነጻ ናቸው፤ በሽታው ያለው ከመርፌው እስከ ፎኖው መግቢያ ባለው መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያችን ሽቦ ከፕላስተሩ አላቂያት። ኧርዝ (የመሬት መስመር) ናት። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ፎኖው አጠገብ አንድ ብሎን አለ፤ አላልተሽ ሹካዋን ከሥሩ አስገቢና አጥብቂው። አምፕሊፋየሩን አጥፍተሽ ነው ታዲያ ይህን የምታደርጊው። ከጉምጉምታው የሚበዛው በዚህ ብቻ ይሞታል። እኔ ዘንድ «ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ይህች ሽቦ ያልታሰረችባቸው ናቸው።

ይህን ያህል የምትፈለግበትን ምክንያት ልንገርሽ። የሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። ያንቺ ካርትሪጅ የሚያወጣው 4 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ አምስት መቶ እጥፍ ያንሳል። አምፕሊፋየሩ ይህችን ትንሽ ነገር ብዙ እጥፍ ማሳደግ አለበት። በመንገድ ላይ ከግድግዳው የመብራት መስመር የገባ ባለ 50 ሄርዝ ጉምጉምታ ካለ አብሮ ያድጋል። በሲዲ ገመድ ላይ የማይሰማ ጥፋት በሸክላ ገመድ ላይ ቤት የሚያናውጥ ይሆናል። ስለዚህ ሐዋሳ ያለው ወንድማችን ስለ ሲዲ የተናገረውን ለሸክላ እንዳለ አትውሰጂው።

አሁን ወደ «ሰ» እንምጣ። ይህ የገመዱ ጥፋት ነው፤ ሆኖም ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ረጅም ስለሆነ ነው። በአንድ ገመድ ውስጥ የመሃሉ ሽቦና ዙሪያውን የሚሸፍነው መረብ ጎን ለጎን ሲሄዱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ። ካፓሲታንስ ይባላል፣ የሚለካውም በፒኮፋራድ ነው። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ይጨምራል። ተራ ገመድ በሜትር 100 ያህል ይኖረዋል ብንል ያንቺ ባለ 4 ሜትር 400 ሆነ። የማጫወቻው ክንድ ሽቦና የአምፕሊፋየሩ መግቢያ 200 ያህል ቢጨምሩ 600 ደረሰ። የካርትሪጅሽ አምራች የሚመክረው በድምሩ ከ100 እስከ 200 ነው።

ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ 550 ሚሊሄንሪ ኢንደክታንስ (የኤሌክትሪኩን መለዋወጥ የመቃወም ጠባይ) አለው። ከ200 ፒኮፋራድ ጋር ሲጣመር የሚያስተጋባበት ነጥብ 15,000 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ የሚያስቸግር ነገር የለም። በ600 ግን ነጥቡ ወደ 8,800 ሄርዝ ይወርዳል። በዚያ አካባቢ ድምፁ ያብጣል፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ቁልቁል ይወድቃል። የ«ሰ» ፉጨት ጆሮ የሚወጋው ነጥቡ ከፉጨቱ ሰፈር ስለገባ ነው፤ የሲምባሉ ጥራት ያለው ከዚያ በላይ ስለሆነ ታፈነ። የነገርሽን ምልክት ሁለቱም ወገን በዚህ ይፈታል። ብርም ይሁን መዳብ፣ ገመዱ 4 ሜትር እስከሆነና ካፓሲታንሱ እስካልወረደ ድረስ ይህ አይለወጥም።

መፍትሔው ማጫወቻውን ወደ አምፕሊፋየሩ ማስጠጋትና በአጭሩ ገመድ ማገናኘት ነው። የግድ ቡፌው ላይ ይሁን ከተባለ ትንሽ የፎኖ ማጉያ ገዝታችሁ ከማጫወቻው አጠገብ አስቀምጡ። ከማጉያው ወዲያ የሚሄደው ድምፅ ጎልማሳ ስለሆነ ረጅም ገመድ ይችላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ አምፕሊፋየሩ ላይ የሚሰካው ፎኖ ላይ ሳይሆን «ኦክስ» በተባለው ተራ መግቢያ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ካጎላሽው ድምፁ ይቀደዳል።

መልስ፦ የስቱዲዮ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ጎልማሳ ያሉትን ድምፅ በቁጥር ላሳይ። የአንድ ሲዲ ማጫወቻ ወይም የፎኖ ማጉያ መውጫ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ብዙ ጊዜ ከ1,000 ኦም አይበልጥም። 5 ሜትር ገመድ፣ በድምሩ 500 ፒኮፋራድ ቢኖረው፣ ድምፅ መቁረጥ የሚጀምረው ከ300,000 ሄርዝ በላይ ነው። የሰው ጆሮ 20,000 ላይ ያበቃል። ለዚህ ነው ለሲዲ ማጫወቻ የገመድ ዓይነት ሲመረጥ ከመከላከያ መረቡና ከጃኩ ብየዳ በስተቀር ብዙ የምጨነቅበት ነገር የሌለኝ። ልዩነቱ የሚመጣው ማጉያ የሌለው፣ ድምፅ መቀነሻ ብቻ የሆነ ሣጥን መሃል ሲገባ ነው። ባለ 50 ኪሎ ኦም መቀነሻ በመጥፎው አቀማመጡ ላይ 12.5 ኪሎ ኦም ያወጣል፤ ያው 5 ሜትር ገመድ 25,000 ሄርዝ ላይ መቁረጥ ይጀምራል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሣጥን ያላችሁ ገመዱን አሳጥሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፣ እባካችሁ አትለፉት። ጉምጉምታ አልጠፋ ያለው ሰው የአምፕሊፋየሩን ሶኬት የኧርዝ እግር ሲቆርጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉምጉምታው ይጠፋል። ውስጡ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ግን ብረቱን የነካ ሰው 220 ቮልት ይይዘዋል። በሲዲ ወይም በኮምፒውተር ጉምጉምታ ካለ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ሰክታችሁ ሞክሩ። የዲሽ ገመዱንም ነቅላችሁ አዳምጡ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የኧርዝ መንገድ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድምሽ እዚህ ስለሚገዛ ጥቂት ልጨምር። ብር ከመዳብ የሚበልጠው በኤሌክትሪክ ማስተላለፍ 6 በመቶ ገደማ ነው። የአንድ ሜትር ገመድ ተቃውሞ የኦም ክፋይ ነው፤ የፎኖው መግቢያ ደግሞ 47,000 ኦም ነው። በዚህ መካከል 6 በመቶ ምን ያደርጋል? ቀስቱ የሚያሳየው፣ በብዙዎቹ ገመዶች፣ የመከላከያ መረቡ በየትኛው ጫፍ ላይ እንደታሰረ ነው፤ ድምፅማ ተለዋዋጭ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል።

ሲገዛ ሻጩ በሜትር ስንት ፒኮፋራድ እንደሆነ የጻፈ መሆኑን ይመልከት። በሜትር ከ70 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ካልተጻፈ ይለፈው። ከአንድ ሜትር አይብለጥ። ጃኩ ሴቴዋን ጭምድድ አድርጎ የሚይዝ ዓይነትም አይሁን፤ የኔ እንዲህ ነበር፣ ስስበው የአምፕሊፋየሩን መግቢያ ነቅሎ ወጣ።

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ጎንደር

እዚሁም ይሠራል። የደኅንነት ካሜራ የሚዘረጋበት ባለ 75 ኦም ገመድ በሜትር 67 አካባቢ ነው፤ በጃክ ስበይደው ከብዙ የታሸገ ዕቃ ይሻላል። ግን ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ጫፉን ላጥ አድርጋችሁ ማግኔቱን ከመሃሉ ሽቦ አስጠጉት፤ ከሳበው በመዳብ የተለበጠ ብረት ነው፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። መረቡም ነጣ ያለ አሉሚኒየም ከሆነ የብየዳ ሊድ አይዝም። የዲሽ ገመድ አብዛኛው እንዲህ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

መልስ፦ ሙዚቃ ወዳጅ፣ ሐዋሳ

ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ አሮጌውን ገመድ ከመሳቢያ አወጣሁት። የግራው ጃክ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ነበረበት። በአልኮል በነከርኩት ጥጥ ጠረግሁት፣ መግቢያውንም እንዲሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ስፒከሩ አዙሬ ባለቤቴ ሳትነግረኝ አሥር ጊዜ እየቀያየረች አስደመጠችኝ። መለየት አልቻልኩም፤ አምስቱን ብቻ አገኘሁ። ያን ጊዜ የሰማሁት ለውጥ እውነት ነበር፣ መንሿሿቱ ጠፍቷል። የጠፋው ግን ዝገቱ ስለለቀቀ ነው። እህቴ፣ የመጀመሪያ ምክሬን አንሺልኝ።

የሸክላ ልጅ፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሽቦዋን ብሎኑ ሥር አሰርኳት፤ ጉምጉምታው እጄ ላይ እንዳለ ተቆረጠ። ማጫወቻውንም ወደ ማዶ አምጥቼ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና አብሮት በመጣው አጭር ገመድ አገናኘሁት። ማታ አባቴ አንድ ሸክላ ሰምቶ «መልሺውና ከመጀመሪያው አሰሚኝ» አለኝ። ሳክስፎኑ ከመግባቱ በፊት ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። ያን ቀን አሥራ አንድ ሸክላ ሰማን።

አሁን «ሰ» በአብዛኞቹ ላይ ለስላሳ ነው። በሰባት ስምንቱ ላይ ግን ያው ይሻክራል፣ በተለይ ወደ መሃል ሲጠጋ። ይህስ ገመድ ነው?

መልስ፦ ጠጋኝ፣ ጎንደር

እሰይ። አባትሽን ሰላም በይልኝ።

የቀረው ገመድ አይደለም፣ ሸክላው ራሱ ነው። የድሮዎቹ የሴራሚክ መርፌዎች ብዙዎቹ ከ5 ግራም በላይ ይጫኑ ነበር፤ አባትሽ የሚወዳቸውን ደጋግሞ ስላጫወተ መንገዳቸው ተበልቷል። ወደ መሃል ሲሄድ መባሱም ለዚህ ነው፤ እዚያ ክቡ ስለሚጠብ ድምፁ ተጨናንቆ ነው የተቀረጸው። ያንቺን ካርትሪጅ በ2 ግራም ላይ አድርጊው። ሸክላዎቹን በተጣራ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ፣ ወረቀቱን ሳታርሺ እጠቢያቸው። ወንድምሽ ያን 160 ዶላር ካላወጣ ባለ ሞላላ ጫፍ የሆነውን ትርፍ መርፌ ያምጣልሽ፤ ቀሪው ለፋሲካ በግ ይሁን።

ማጫወቻውን ስፒከሩ በቆመበት መደርደሪያ ላይ ወይም በአምፕሊፋየሩ ላይ አታስቀምጪው። ስፒከሩ ያንቀጠቅጠዋል፣ የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ደግሞ ጉምጉምታውን መልሶ ያመጣል። ገመዱንም ስትነቅዪ ጃኩን ይዘሽ እንጂ ሽቦውን ስበሽ አይሁን።