የሶላር ትርፍ ኃይል ወደ ውሃ ማሞቂያ፦ ሪሌዩ በየደቂቃው እየበራ ይጠፋል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ባትሪው 51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት፣ 16 ሴል ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። እኩለ ቀን ሳይደርስ ስለሚሞላ የቀረው ፀሐይ ይባክናል። ትርፉ ወደ 1500 ዋት የውሃ ማሞቂያ እንዲሄድ በቮልቴጅ የሚሠራ ሪሌይ (በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ተገጥሟል፤ 53.2 ላይ ያበራል፣ 52.8 ላይ ያጠፋል። ግን በየደቂቃው እየበራ ይጠፋል፤ ባትሪው ገና ግማሽ ሳለም ያበራል። ቁጥሮቹ ስንት ይሁኑ?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ቁጥር በመቀያየር አይስተካከልም። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ሙሌቱ ከ30 እስከ 80 ፐርሰንት ድረስ ቢለዋወጥ 1 ቮልት ያህል ነው። ማሞቂያው ከባትሪው 30 አምፔር ገደማ ሲስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሪሌዩ ያጠፋል፣ ቮልቴጁ ያገግማል፣ ተመልሶ ያበራል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ የቻርጁ ከረንት ቮልቴጁን ስለሚያነሳው ግማሽ ባትሪ የሞላ ይመስላል።

የሚያስፈልግህ የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር ባትሪ ሞኒተር ከነሸንቱ (የሚያልፈውን ከረንት ከሚለካው ክፍል) ነው። ሸንቱ ኔጌቲቩ ላይ ይገባል። በባትሪው በኩል የባትሪው ገመድ ብቻ ይታሰር፤ የኢንቨርተሩም (ዲሲን ወደ 230 ቮልት የሚቀይረው) የቻርጅ ኮንትሮለሩም (ከፓኔሉ ባትሪውን የሚሞላው) ኔጌቲቭ በሌላው በኩል። ኮንትሮለሩ በቀጥታ ባትሪው ላይ ከታሰረ የሚገባው ኃይል አይቆጠርም፤ ፐርሰንቱ እየወረደ ብቻ ይሄዳል።

መልስ 2
በሞኒተሩ በሚነበበው የባትሪ ሙሌት ማብሪያውን 95፣ ማጥፊያውን 88 ፐርሰንት አድርገው። መካከሉ 7 አምፔር ሰዓት ስለሆነ ፀሐይ ጨርሶ ቢጠፋም ማሞቂያው ለብቻው 14 ደቂቃ ያህል ይሠራበታል፤ አላፊ ደመና አያስቸግረውም።

በፓኔሉ ዋት ግን ትርፍ ለመለካት አትሞክር። ባትሪው ሲሞላ ኮንትሮለሩ ፓኔሉን ስለሚገታው የሚታየው ዋት ትንሽ ነው፤ ትርፉ የሚገለጠው ማሞቂያው ከበራ በኋላ ነው። ስለዚህ በርቶ ሳለ ባትሪው ለ3 ደቂቃ ያለማቋረጥ ከ15 አምፔር በላይ ካወጣ ይጥፋ፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላም አይብራ።

መልስ 3
የሞኒተሩ ትንሽ ሪሌይ በአብዛኛው ለምልክት እንጂ ለ230 ቮልት ሎድ የተሠራ አይደለም። እሱ ኮይሉ (ማንቀሳቀሻ ጥቅልሉ) ከባትሪው በቮልቴጅ መቀነሻ በሚመጣ 24 ቮልት ዲሲ የሚሠራ የ25 አምፔር ኮንታክተር (ትልቅ ሪሌይ) ያንቀሳቅስ፤ ማሞቂያውን ኮንታክተሩ ያብራ፣ ከፊቱም 16 አምፔር ብሬከር ይኑር። የማሞቂያው ቴርሞስታት በምንም ምክንያት አይታለፍ፤ ትርፍ በበዛበት ቀን ውሃው እንዳይፈላ የሚከለክለው እሱ ነው።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ቆጠራው ከጊዜ በኋላ አይሳሳትም?

መልስ 2
ይሳሳታል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሞኒተሩ ራሱን ወደ 100 የሚመልሰው ባትሪው በእርግጥ ሲሞላ ብቻ ነው። ማሞቂያው ሁልጊዜ 95 ላይ ከበራ ባትሪው ሳይሞላ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ስህተቱም ይጠራቀማል። ቻርጁ 56 ቮልት ላይ ከቆመ የሞኒተሩን የ«ሞልቷል» ቮልቴጅ 55.7፣ ቻርጁ ሊወርድበት የሚገባውን ከረንት 4 አምፔር፣ ጊዜውን 3 ደቂቃ አድርግ። በሳምንት አንድ ፀሐያማ ቀን ደግሞ ማሞቂያው 100 ፐርሰንት እስኪነበብ ድረስ አይብራ።